የነጂው ስሜትና የመሐንዲሱ ጆሮ

አዲስ የስፖርት አውቶሞቢል የሞከሩ ነጂዎች ከሰጡት አስተያየት ስለምናገኘው ትምህርት ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር




ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከዕለት ሥራችን የራቀ ሊመስል ይችላል። አብዛኞቻችን ዕድሜያችንን የምናሳልፈው ከጭነት መኪናና ከአውቶቡስ ጋር እንጂ ሁለት ሰው ብቻ ከሚያስቀምጥ የስፖርት አውቶሞቢል ጋር አይደለም። ይሁን እንጂ ሁላችንንም የሚመለከት አንድ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው አዲስ የስፖርት አውቶሞቢል ለሙከራ በተነዳ ጊዜ ነው። ጥያቄውም፣ ነጂ «እንዲህ ተሰማኝ» ብሎ የሚናገረውን ቃል መሐንዲስ እንደ ማስረጃ ሊቀበለው ይገባልን? የሚል ነው።

ጥያቄው በጋራዣችን ውስጥ በየዕለቱ የሚነሣ ነው። ሾፌር ይመጣና «መሪው ልክ አይደለም» ይላል። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ይነቀንቃል፤ የመሪውን ክንዶች አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ የላላ ነገርም አያገኝም። «መኪናህ ምንም የለበትም» ብሎ ያሰናብተዋል። ሾፌሩም ይሄዳል፤ ነገር ግን መኪናው ጭነት ይዞ ቁልቁለት በወረደ ጊዜ ያ የተሰማው ነገር ተመልሶ ይመጣበታል። ሾፌሩ የሚናገረው ስለሚሄድ መኪና ነው፤ መካኒኩ የመረመረው የቆመውን ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ግን አልተገናኙም። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ሁለቱ የሚገናኙበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ለዚህ ግልጽ የሆነውን ምሳሌ የምናገኘው በጃፓን ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ። የሆንዳ ኩባንያ በ1980ዎቹ ዓመታት በሽገሩ ዌሃራ ዋና መሐንዲስነት ኤን ኤስ ኤክስ የተባለውን የስፖርት አውቶሞቢል ሠራ። ሞተሩ ከነጂው ጀርባ የተቀመጠ፣ 3 ሊትር ያህል ይዘት ያለው፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ በደቂቃ እስከ 8,000 ዙር የሚሽከረከር ሲሆን፣ ፒስተኖቹን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች ከቲታኒየም የተሠሩ ነበሩ። ከዚህም በላይ ባለሙያውን ያስደነቀው አካሉ ነው። መላ አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠርቶ በብዛት ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው አውቶሞቢል እርሱ ነበርና። ናሙናው በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ።

በዚያው ጊዜ ገደማ የ1988 የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ብራዚላዊው አይርተን ሴና፣ የሆንዳ ሞተር የተገጠመለትን የማክላረን የውድድር መኪና ለመሞከር በሱዙካ የውድድር ሜዳ ይገኝ ነበር። የሆንዳ መሐንዲሶች አጋጣሚውን ተጠቅመው አዲሱን መኪና እንዲነዳላቸው ለመኑት። ሴና ነድቶ በተመለሰ ጊዜ የሰጠው አስተያየት ከጥቂት ቃላት የሚበልጥ አልነበረም። አስቀድሞ፣ በብዛት ለገበያ ስለሚመረት መኪና ተገቢ ምክር ለመስጠት መቻሉን እንደሚጠራጠር ተናገረ፤ ቀጥሎም መኪናው ጥቂት ስስና ደካማ ሆኖ እንደ ተሰማው ገለጸ። ያለው ይህንኑ ያህል ብቻ ነበር።

እንግዲህ ራሳችንን በእነዚያ መሐንዲሶች ቦታ እናስቀምጥ። መኪናው ተሠርቷል፤ ለዓለም ታይቷል። የአካሉ ስሌት ተሠርቶ ተፈትሿል። እንግዳው ደግሞ ራሱ «እኔ ስለዚህ ዓይነት መኪና ለመምከር እጠራጠራለሁ» ብሏል። ቃሉን በትሕትና ተቀብሎ፣ በትሕትና ረስቶ ወደ ሥራ መመለስ እንዴት ቀላል ነበር! «የለመደው የውድድር መኪና ስለሆነ ነው» ማለት ይበቃ ነበር። እነርሱ ግን፣ ስስነት የሚለው ቃል በመሐንዲስ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ።

መልሱ ከአሉሚኒየም ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነው። አሉሚኒየም በክብደቱ የብረትን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህም ይወደዳል። ነገር ግን በግትርነቱም፣ ማለት ኃይል ሲያርፍበት ላለመለመጥ ባለው ችሎታ፣ የብረትን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ስለሆነም አንድን የብረት አካል ቅርጹንና ውፍረቱን ሳንለውጥ በአሉሚኒየም ብንሠራው፣ ክብደቱ ወደ ሲሶ ሲወርድ ግትርነቱም አብሮ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ጉድለቱን ለመሙላት ክፍሎቹን ማስፋት፣ መጋጠሚያዎቹን ማጠናከር፣ ኃይል የሚያልፍባቸውን መስመሮች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ግትርነት ሲጎድል አካሉ ይሰበራል ማለት አይደለም። አለመሰበር አንድ ነገር ነው፤ አለመለመጥ ሌላ ነገር ነው። መኪናው በፍጥነት ወደ ኩርባ ሲገባ የጎማዎቹ ኃይል አካሉን ይጠመዝዘዋል። አካሉ በተጠመዘዘ መጠን ጎማውን የያዙት ክንዶች ከታቀደላቸው ቦታ በጥቂቱ ይዛነፋሉ፤ ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለው ማዕዘንም ይለወጣል። ነጂው መሪውን ባዞረበትና መኪናው በታዘዘበት ጊዜ መካከል ከሰከንድ ክፍልፋይ የማይበልጥ መዘግየት ይፈጠራል። ይህን መዘግየት ተራ ነጂ አይለየውም፤ «አልተመቸኝም» ብቻ ይላል። ሴና ግን በመዳፉና በወገቡ ለየው፤ ስም ሲያጣለትም «ስስ» አለው።

የሆንዳ ሰዎች መኪናውን ይዘው ወደ ጀርመን፣ ወደ ኑርቡርግሪንግ ሄዱ። የዚህ የተራራ መንገድ ርዝመት 20.8 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ጉብታውና ኩርባው ያለ ዕረፍት የሚፈራረቁበት ስለሆነ የመኪናን ድክመት ሳይገልጥ አያልፍም። በዚያም ነድተው፣ ደካማውን ክፍል ፈልገው፣ አጠናክረው፣ እንደገና ነድተው ለወራት ደከሙ። በመጨረሻም የአካሉ ግትርነት 50 በመቶ ያህል ጨመረ። መኪናው በ1990 ለገበያ በወጣ ጊዜ የመሪው ትክክለኛነት ከአውሮፓ እውቅ የስፖርት መኪኖች ጋር የሚያወዳድረው ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ከተረት መጠንቀቅ ይገባናል። ሰው ሲያወራው፣ ሴና አንድ ቃል ተናገረና መኪናው ተለወጠ ይባላል። እውነቱ ሰፋ ያለ ነው። ሌላው የፎርሙላ ዋን ነጂ ሳቶሩ ናካጂማም በልማቱ ሥራ ተካፍሏል፤ ስማቸው በጋዜጣ ያልወጣ የኩባንያው የፍተሻ ነጂዎችም ሌት ተቀን ነድተዋል። የሴና ድርሻ ጥርጣሬውን መቀስቀስ ነው። ጥርጣሬውን ወደ መለኪያ፣ መለኪያውን ወደ ብረታ ብረት የለወጡት ግን ለወራት የደከሙት ናቸው። ጥሩ ጆሮ ባይኖር ኖሮ ጥሩው ቃል በሱዙካ ሜዳ ላይ በነፋስ በቀረ ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

«ስሜትን ሁሉ እንመን ማለትህ ነውን?» የሚለኝ ሊኖር ይችላል። አይደለም። የነጂ ስሜት ሁለት ታላላቅ ጉድለቶች አሉት።

የመጀመሪያው ጉድለት፣ ሠለጠነ የሚባለው ነጂ የመኪናውን ሕመም በራሱ ችሎታ የሚሸፍን መሆኑ ነው። መኪናው ወደ ግራ ሲስብ እጁ ሳያስበው ወደ ቀኝ ይመልሰዋል፤ ካወረደውም በኋላ «ደህና ነው» ይላል። ይህን ችግር አስቀድመው የተረዱት የአውሮፕላን ባለሙያዎች ናቸው። ጆርጅ ኩፐርና ሮበርት ሃርፐር በ1969 ባወጡት የመመዘኛ ሥርዓት የፍተሻ አብራሪው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ 1 እጅግ መልካም፣ 10 ደግሞ ከቁጥጥር የሚያመልጥ ነው። ነጥቡ ላይ የሚደርሰው ግን እንደ ፈቃዱ ሳይሆን በጥያቄዎች እየተመራ ነው። አውሮፕላኑ ይታዘዛልን? የሚፈለገው ውጤት ሊቻል በሚችል ድካም ይገኛልን? ያለ ማሻሻያ አጥጋቢ ነውን? የሥርዓቱ ጥበብ «ወደድኸው ወይስ ጠላኸው?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። የሚጠይቀው «ምን ያህል ደከምህ?» ብሎ ነው። ችሎታ የሸፈነውን ጉድለት ድካም ያወጣዋልና። ባለ 10 ነጥብ መመዘኛ በአውቶሞቢል ፍተሻም የተለመደ ሆኗል።

ሁለተኛው ጉድለት፣ አዲስ ነገር ዐይንን የሚያሳውር መሆኑ ነው። በማርች 1961 የእንግሊዙ የጃጓር ኩባንያ ኢ ታይፕ የተባለውን መኪና በጄኔቫ አሳየ። ሊሞክረው የፈለገው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ፣ የኩባንያው የፍተሻ ነጂ ኖርማን ዴዊስ ተጨማሪ መኪና ከኮቨንትሪ ሌሊቱን እየነዳ ወደ ጄኔቫ እንዲያደርስ ተደረገ። የእንግሊዝ የአውቶሞቢል መጽሔቶች የሞከሯቸው መኪኖች በሰዓት 150 ማይል፣ ማለት 241 ኪሎ ሜትር ያህል መድረሳቸው ተጻፈ፤ ዓለምም ተደነቀ። በኋላ ግን ለመጽሔቶቹ የተሰጡት መኪኖች በልዩ ጥንቃቄ የተዘጋጁ እንደ ነበሩ፣ ደንበኛ የገዛው መኪና ከዚያ ፍጥነት ለመድረስ እንደሚቸግረው ታወቀ።

ሆኖም ከአድናቆቱ ሥር ሌላ ድምፅ ነበረ። ብዙ ነጂዎች የማርሹ አገባብ ዘገምተኛ መሆኑን፣ አንደኛ ማርሽ ሲንክሮናይዘር የሌለው መሆኑን፣ መቀመጫው ረጅም መንገድ ላይ እንደሚያደክም፣ ፍሬኑም ለዚያ ሁሉ ፍጥነት የሚያስተማምን አለመሆኑን ተናገሩ። እነዚህ ቅሬታዎች በአንድነት መልስ ያገኙት በ1964፣ ባለ 4.2 ሊትር ሞተር የሆነው መኪና በወጣ ጊዜ ነው። አዲስ ካምቢዮ፣ የተሻለ ፍሬንና የተሻለ መቀመጫ ተደረገለት። እንግዲህ አስተውሉ፤ በቁጥር የተነገረው ፍጥነት ለገዢው አልያዘለትም፤ ያለ ቁጥር የተነገረው ቅሬታ ግን ትክክል ሆኖ ተገኘ። ቁጥር ሁልጊዜ ከስሜት ይበልጣል የምንል ሰዎች ከዚህ ታሪክ ልንማር ይገባናል። ስሜቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ደንበኛው ሦስት ዓመት ከመንፈቅ መጠበቁ ግን የአእምሮ ሳይሆን የጆሮ ጉድለት ይመስለኛል። አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት ለሠሪም ይሠራል።

በአንጻሩ ደግሞ ከነጂነቱ የተሰማውን ወስዶ ዓላማው ያደረገ መሐንዲስ አለ። ጎርደን መሪ የማክላረን ኤፍ ዋንን የመንገድ መኪና ባሰበ ጊዜ ታላላቆቹን የአውሮፓ የስፖርት መኪኖች መነጻጸሪያ አድርጎ ይዞ ነበር። ኤን ኤስ ኤክስን ከነዳ በኋላ ግን እነዚያ መነጻጸሪያዎች ከሐሳቡ እንደ ጠፉ ራሱ ጽፏል። የመኪናው ፍጥነት ከታቀደው ያነሰ ነበር፤ የያዘው አካሄዱና ምቾቱ፣ ለነጂው ያለው ታዛዥነት ነው። እርሱም መኪናውን ገዝቶ ለዓመታት ነዳው። በ1992 የታየው ኤፍ ዋን፣ በዘመኑ ከነበሩት የመንገድ መኪኖች ሁሉ ፈጣን ሲሆን፣ የአነዳዱ ግብ የተቀዳው ከእርሱ እጅግ ከሚዘገይ መኪና ነው።

ከነዚህ ሦስት ታሪኮች ተነሥተን ለራሳችን ሥራ ምን እንያዝ? እኔ የማቀርበው ትንሽ ልማድ ነው። ነጂ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ፣ ቃሉን እንደ ተናገረው እንጻፍለት። «መሪ ተበላሽቷል» ብለን በራሳችን ቃል አንተርጉመው፤ «ሲወርድ ይዋልላል» ካለ «ሲወርድ ይዋልላል» ተብሎ ይጻፍ። ትርጉሙ የእኛ ሥራ ነው፤ ምስክርነቱ ግን የእርሱ ነው።

ከዚያም ሦስት ነገር እንጠይቀው። አንደኛ፣ የትና መቼ ነው? ባዶውን ነው ወይስ ተጭኖ፣ ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? ቦታ ስሜትን ይለውጣልና። ከባሕር ወለል አጠገብ ኃይለኛ የተባለ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ የሁለቱ ቦታ ነጂዎች ስለ አንድ ሞተር ቢከራከሩ ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለተኛ፣ እንዳይሰማህ ምን ታደርጋለህ? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ እጁ ሳያውቀው የሚሸፍነውን ጉድለት ያወጣዋል። ሦስተኛ፣ ምን ያህል ያደክምሃል? ከዚህ በኋላ መኪናውን በቆመበት ሳይሆን እርሱ በነዳበት ሁኔታ፣ ቢቻል አብረነው ተቀምጠን እንፈትሽ።

ይህ ልማድ ጊዜ ይወስዳል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ይወስዳል። ነገር ግን በስፖርት አውቶሞቢል ላይ የነጂ ቃል ሳይሰማ ቢቀር የሚጠፋው ደስታ ነው፤ ሃምሳ ሰው በጫነ አውቶቡስ ላይ ሳይሰማ ቢቀር ግን የሚጠፋው ሌላ ነው። እኛ «ምንም የለበትም» ብለን የምንፈርምበት ወረቀት ከሾፌሩ ጋር ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል።

በመጨረሻም፣ በሱዙካ የነበሩትን እነዚያን መሐንዲሶች አስባቸዋለሁ። ለዓመታት የደከሙበትን ሥራ «ስስ ነው» ሲሏቸው ምን ያህል እንዳመማቸው ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የማይገባው ሰው የለም። ሥራውን ያቃናው ከሕመሙ በኋላ እርሳሳቸውን አንሥተው መጻፋቸው ነው። እኛም ነገ ጠዋት ጋራዣችን በር ላይ ቆሞ «ልክ አይደለም፤ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም» የሚለንን ሾፌር እንዲሁ እንድንቀበለው አደራ እላለሁ።