በሽታ ሲገባ በሬው እንዳይወጣ

በመካነ ሰላም፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በአቅስታ፣ በአጅባርና በመቅደላ ዙሪያ ላላችሁ አድማጮቻችን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታችን ወረርሽኝ ሲነሣ የቤተሰብ ጥሪት እንዴት እንደሚጠበቅና ድጋፍ ከየት እንደሚገኝ ነው።

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መኪናው ከወትሮው ግማሽ ያህል ሰው ብቻ ጫነ፣ ታሪፉም ናረ። በዚያው ዓመት ቤሩት ከሥራ የተባረሩ እህቶቻችን በአገራችን ቆንስላ በር ላይ ሲያድሩ አየን። ከዐረብ አገር በሚላክ ብር ይተዳደር የነበረ የወሎ ቤተሰብ፣ ሰው ሳይታመምበትም ተቸገረ።

በሽታው ከቤት ሲገባ ደግሞ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አባወራው ሐምሌ ላይ ታመመ እንበል። ጎተራው ተሟጧል፤ አዲሱ እህል ገና ቡቃያ ነው። በእጅ ብር ስለሌለ በሬው ገበያ ይወጣል። ችግሩ የሁሉም ነውና በዚያው ሰሞን ጎረቤቱም በሬውን ያወጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። ሰውየው ቢድንም ጥማድ ስለሌለው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ የምርቱን ግማሽ እያካፈለ ይኖራል። ሕመሙ የሳምንታት ነበር፤ ድህነቱ ግን የዓመታት ይሆናል። ስለዚህ አጥብቄ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ የሕክምናው ብር መሰናዳት ያለበት ሰው ጤነኛ ሳለ፣ እህል በጎተራ ሳለ ነው።

ለዚህ የሚረዱትን መንገዶች ልዘርዝር። አንደኛ፣ በነፃ የሚሰጠውን እወቁ። በመንግሥት ጤና ተቋማት ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በነፃ የሚሰጡ ናቸው። የወረርሽኝ ሕክምናም ከእነዚሁ ይመደባል። ክፈሉ ከተባላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ።

ሁለተኛ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና የራሳችን ዞን ተሁለደሬ ተካተው ነበር። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም አብረው ይታከማሉ። መክፈል ለማይችሉ፣ በቀበሌው ሕዝብ ተለይተው ሲጸድቅላቸው፣ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ምዝገባውና እድሳቱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ብዙውን ጊዜም አዝመራ ከገባ በኋላ ነው። ታሞ ለመመዝገብ መሮጥ አያዋጣም። ደግሞም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሪፈር ሳያጽፍ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል ከኪሱ ለመክፈል ይገደዳል።

ሦስተኛው ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን ነው። ለቀብር የሚተጋ ሕዝብ ነን፤ ድንኳኑም ንፍሮውም ሳይጓደል ይቀርባል። ያንን ትጋት ለታማሚውም እናውለው። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ይህን አንሡ፦ መዋጮ ያጠራቸውን አባላት መድን ቅሬው አበድሮ ያድስላቸው፤ እነሱም አዝመራ ሲገባ ይመልሱ። ለዚህ የሚያስፈልገው ብር ለአንድ ሐዘን ከምናወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

አራተኛ፣ ሴፍቲኔት። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠሩ ፕሮግራም፣ ጉልበት ያለውን በማኅበረሰብ ሥራ ያሳትፋል፤ ለአረጋውያንና መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ነፍሰ ጡር እናትም ከሥራ ወጥታ ቀጥታ ድጋፍ ታገኛለች። ተጠቃሚውን የሚለየው ኅብረተሰቡ ከቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ጋር ነው። ያለአግባብ ተዘልያለሁ የሚል ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመልክት፤ መብቱ ነው።

የመጨረሻው ብድር ነው። ሌላው መንገድ ሁሉ ከተዘጋ መበደር ይመጣል፤ ግን ከአራጣ ሽሹ። አራጣ አበዳሪው «በወር ከመቶ አሥር ብቻ» ይላችኋል። አብረን እናስላው፦ 5,000 ብር ብትወስዱ የወሩ ወለድ 500 ብር ነው፤ በ12 ወር 6,000 ይሆናል። ዋናው 5,000 ገና ሳይነካ፣ ከተበደራችሁት በላይ ከፈላችሁ ማለት ነው። ከባንክም ሆነ ከቁጠባ ማኅበር ስትበደሩ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በጠቅላላ ስንት እመልሳለሁ? መቼ መቼ ነው የምከፍለው? ብዘገይ ምን ይጨመርብኛል? ማንበብ ለማይችሉ፣ የሚያምኑት ሰው ቁጭ ብሎ ያንብብላቸው።

አድማጮቼ፣ ዛሬ ማታ የመድን ደብተራችሁን አውጡና መታደሱን እዩ። ካልታደሰ፣ ወይም ከነጭራሹ ከሌላችሁ፣ የምዝገባውን ቀን ከቀበሌያችሁ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጠይቁ። ደጃችሁ ያለች አቅመ ደካማ እናት ሬዲዮ ከሌላት፣ ይህን የሰማችሁትን ሂዱና ንገሯት፤ ስሟ ከነፃ ተጠቃሚዎች ዝርዝር መግባቱንም አጣሩላት።