የዘገየ ደሞዝ ሂሳብ
(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ትንሽ ተናገር» ሲሉኝ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። ከእኛ ባች ፕሮፌሰር አለ፣ ሐኪም አለ፣ የራሱን ድርጅት ያቋቋመ አለ። እኔ በአካውንቲንግ ተመርቄ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የመንገደኛ ሻንጣ የምፈትሽ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከዓመት ዓመት እዚህ በዓል ላይ «ምን ትሠራለህ?» ስባል «መንግሥት ቤት ነኝ» ብዬ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን የተማርኩት ሂሳብ ስለሆነ አንድ ሂሳብ ላሳያችሁ አሰብኩ፤ የዘገየ ደሞዝን ሂሳብ።

ትናንት እራት ላይ አንድ መምህራችን «አሜሪካን የሚያህል አገር እንዴት ለሠራተኛው የሚከፍለው ያጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ፈቃድ አጥቶ ነው። የዚህ አገር የበጀት ዓመት የሚጀምረው እንደኛ ሐምሌ 1 ሳይሆን ኦክቶበር 1 ነው። እስከዚያ ቀን ኮንግረስ በጀቱን ወይም ጊዜያዊ ማራዘሚያ ካላጸደቀ፣ ፕሬዚዳንቱም ካልፈረሙ፣ መሥሪያ ቤቶቹ ገንዘብ ማውጣት አይፈቀድላቸውም። ድሮ እንዲህ ሲሆን ወጪ ቀነስ አድርገው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ግን የጊዜው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ የቆየውን ሕግ ተርጉመው «በጀት የሌለው መሥሪያ ቤት ሥራውን ማቆም አለበት» አሉ። በ1981 ደግሞ የሰው ሕይወትና ንብረት የሚጠብቅ ሥራ ሊቀጥል እንደሚችል አብራሩ።

እኛ የምንገባው እዚህች ላይ ነው። ሸትዳውን ሲታወጅ ሠራተኛው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ቤትህ ተቀመጥ» ይባላል፤ ግማሹ «ሥራ ግባ» ይባላል። ደሞዝ ለሁለቱም የለም። ሥራ የሚገባው ደግሞ እየሠራ ስለሆነ እንደ ሥራ አጥ ተቆጥሮ ድጎማ አያገኝም። አድማ እንዳይመታ ሕግ ይከለክለዋል። በ1981 አድማ የመቱ ከ11 ሺህ በላይ የበረራ ተቆጣጣሪዎችን ፕሬዚዳንት ሬገን ያባረሯቸው በዚሁ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ዲሴምበር 22 ቀን 2018 የጀመረው ሸትዳውን 35 ቀን ቆየ። 800 ሺህ ያህል ሠራተኞችን ነካ፤ ከግማሽ የሚበልጡት እንደኔ ያለ ደሞዝ ሥራ ላይ ነበሩ። ገናን እንደምንም አሳለፍን። «ሁለት ቀን ነው፣ ሦስት ቀን ነው፣ ይፈታል» እያልን ዶሮውም ተገዛ፣ እንግዳም ተጠራ። ከገና በኋላ የመጣው የደሞዝ ወረቀት ላይ ግን ቁጥሩ ዜሮ ነበር። ሰዓቴ በሙሉ ተመዝግቧል፤ የሚከፈለኝ ዜሮ።

ዕቁብ አለብኝ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ 500 ዶላር እንጥላለን። የእኔ ዕጣ ኖቬምበር ላይ ወጥቶልኝ፣ በልቼው፣ ለልጄ የኮሌጅ ክፍያ ሄዷል። የዕቁብን ነገር ታውቃላችሁ፤ ያልበላ ሰው ቢቸገር ይታዘንለታል፣ የበላ ሰው ግን መቅረት አይችልም። ከክሬዲት ካርድ በጥሬው አውጥቼ ጣልኩ። ለዳኛው አልተናገርኩም። ለወንድሜም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ እንኳ «ተቀማጭ አለኝ» አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዜሮው ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ እንዴት ብዬ ብር አበድሩኝ እላለሁ?

ሥራ ቦታም ሰው መቅረት ጀመረ። ጃንዋሪ 20 ቀን በአገሪቱ ካሉት ፈታሾች 10 በመቶው ያለ ፈቃድ እንደቀሩ ተነገረ። ጋዜጣው «ታመምኩ እያሉ» አለ። አብረውኝ የሚሠሩትን ግን አውቃቸዋለሁ። አንዷ ልጅ የምታስጠብቅበት ስለሌላት ቀረች። አንዱ ቤንዚን ስላጣ ቀረ። የቀሩት ሰነፎቹ አልነበሩም።

ጥምቀት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከዕቁብተኞቻችን አንዷ፣ ከኔ በአሥር ዓመት የሚበልጡ፣ የጽዳት ሥራ የሚሠሩ እትዬ አሉ። ለአስተዋዋቂ አይመቹም፤ ዝም ያሉ ሰው ናቸው። የዚያን ሳምንት ዕጣ የወጣላቸው እሳቸው ነበሩ። አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ምነው ፊትህ?» አሉኝ።

«ምንም የለም እትዬ፣ ደኅና ነኝ» አልኩ።

«ደሞዝ አልሰጧችሁም አይደል?»

ዝም አልኩ። በማግስቱ እኔ ሥራ እያለሁ ቤቴ መጥተው ለባለቤቴ በፖስታ አንድ ሺህ ዶላር ትተው ሄዱ። ባለቤቴ ነገሩን ያወቀችው እንዲህ ነው።

ሸትዳውኑ ጃንዋሪ 25 ቀን አበቃ። የዚያን ዕለት ጠዋት የበረራ ተቆጣጣሪዎች አንሰው የኒውዮርኩ ላጓርዲያ ኤርፖርት በረራዎችን ለጊዜው አስቁሞ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ውዝፉ ገባልኝ። የእትዬን ገንዘብ ይዤ ሄድኩ፤ ምስጋና ብዬ የጨመርኩትን ሃምሳ ዶላር መልሰው ኪሴ ከተቱት።

ከወራት በኋላ ነው የሰማሁት። እትዬ የሚያጸዱት ሕንፃ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነበር። ቀጣሪያቸው ግን መንግሥት ሳይሆን ኮንትራክተር ነው። ሕንፃው ሲዘጋ እሳቸውም አምስት ሳምንት ሙሉ ያለ ሥራና ያለ ደሞዝ ነበሩ። ያንን የዕቁብ ገንዘብ ያሰቡት ለእናታቸው ሙት ዓመት ጎንደር ለመሄድ ነበር፤ እሱም ለቤት ኪራይ ሆኖ ቀረ፤ አልሄዱም። አፍሬ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ እርስዎ እንዲህ ሆነው እንዴት ለኔ ያበድራሉ?»

«ያንተ መምጣቱ አይቀርም ብዬ ነዋ» አሉኝ። «የኔ እንደማይመጣ ስለማውቅ መጠበቁን ትቼዋለሁ።»

እንግዲህ ሂሳቡን እንዝጋ። በጃንዋሪ 2019 የወጣ ሕግ፣ ሸትዳውን ባለቀ ቁጥር የፌዴራል ሠራተኛ ውዝፉ እንዲከፈለው ያዛል። እኔም ደሞዜን አንድ ሳንቲም ሳይጎድል አግኝቻለሁ። የካርዱ ወለድ፣ በጥሬ ለማውጣት ባንክ የቆረጠው፣ የኪራይ መዘግየት ቅጣት ተደምሮ 312 ዶላር ግን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ለአገሩም እንደዚያው ነው። የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት፣ ያ ሸትዳውን የአገሪቱን ኢኮኖሚ 11 ቢሊዮን ዶላር እንዳሳጣ፣ አብዛኛው ቢመለስም 3 ቢሊዮኑ እስከ ወዲያኛው እንደማይመለስ ገምቷል። የእትዬ አምስት ሳምንት ደግሞ በየትኛውም መዝገብ «ተከፋይ» ተብሎ አልተጻፈም። ሕጉ ለኮንትራክተር ሠራተኛ አይሠራም።

«ይሄ እኮ የድሮ ታሪክ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በ2025 ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12፣ 43 ቀን፣ እንደገና ተዘጋ። ከዚያ በፊት ያን ያህል የቆየ አልነበረም። በዚያኛው ጊዜ «ሕጉ ውዝፉን በራሱ አያስከፍልም» የሚል ክርክር ከዋይት ሐውስ በኩል ተነሣ፤ ውዝፉ እንዲከፈል በግልጽ የተጻፈው መዘጋቱን ባቆመው ሕግ ላይ ነው። ስለዚህ «የመንግሥት ገንዘብ መምጣቱ አይቀርም» የሚለው የእትዬ አባባል እንኳ ለ43 ቀን እንቅልፍ የሚያሳጣ ሆኖ ነበር።

መምህራኖቻችን ፊት ይህን ስናገር አንድ ነገር አልዘነጋም። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ውስጥ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደሞዝ ቆይተዋል፤ ሐኪሞች በባዶ ሆዳቸው በሽተኛ አክመዋል። የእኔን 35 ቀን ከዚያ ጋር አላስተካክልም። ነገር ግን ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ ደሞዝ ሲዘገይ መንግሥትን የሚያበድረው ሠራተኛው ነው፣ ያውም ያለ ወለድ። ሠራተኛውን የሚያበድረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሱ ያነሰ ያለው ሰው ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ማኅበራችን ለተማሪዎች የመጻሕፍት መርጃ አለው፤ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ከጎኑ የችግር ጊዜ መጠባበቂያ እንዲቋቋም እጠይቃለሁ። ሜሪላንድ ግዛት በ2025 እየሠሩ ላልተከፈላቸው የፌዴራል ሠራተኞች 700 ዶላር ያለ ወለድ አበድሯል። እኛስ? እያንዳንዳችን በወር 20 ዶላር ብናወጣ የምንጎዳ አይመስለኝም።

ሦስት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ጠያቂው የደሞዝ ወረቀቱን አሳይቶ በዚያው ሳምንት ይሰጠው፤ ስሙ በስብሰባ አይነበብ። ሁለተኛ፣ ውዝፍ ለሚያገኘው ብድር ይሁን፣ ውዝፍ ለማያገኘው የኮንትራክተር ሠራተኛ ግን ስጦታ ይሁን። ሦስተኛ፣ ዲግሪ አይጠየቅ። «የቀድሞ ተማሪ ያልሆነ አይመለከተንም» ካልን እትዬን በር ላይ መለስናቸው ማለት ነው።

እስከዚያው ድረስ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የደሞዝ ወረቀቱ ላይ ዜሮ የሚያይ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ፣ ባለቤቱ ከፖስታ ላይ ከምትሰማ ራሱ ይንገራት። ለእኔም ይደውልልኝ፤ ስልኬን ጸሐፊው ጋ ትቻለሁ። የመጀመሪያውን ሁለት መቶ አርባ ዶላር፣ የአንድ ዓመቱን፣ ዛሬ ለገንዘብ ያዡ አስረክቤአለሁ። ደረሰኙም ይኸው በእጄ ነው።