ፎቶግራፍም ይነበባል

(በግንደወይን ለማታ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ ፊደል አናስቆጥርም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፎቶግራፍ ነው። «ፎቶግራፍ ለኛ ምን ያደርግልናል? ዘር አይሆን፣ ማዳበሪያ አይሆን» የሚል ይኖራል። አልተሳሳተም። ፎቶግራፍ አይበላም። ነገር ግን አንድ ፎቶግራፍ እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ በአባይ ላይ የተሰበረ ድልድይ እንዳስጠገነ ብንነግራችሁ ምን ትላላችሁ? እሱን እንነግራችኋለን። አስቀድመን ግን እኛ ራሳችን ያጠፋነውን እንናገር።

ያጠፋነው ጥፋት

እዚህ በመጣን በመጀመሪያው ወር ያገኘነውን ሁሉ በስልካችን እናነሳ ነበር። እኛ የከተማ ልጆች ነን። ወዲህ ጮቄ፣ ወዲያ የአባይ በረሃ፣ ሁሉም አዲስ ሆነብን። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት ኩበት በቅርጫት ተሸክመው ሲሄዱ አየን። ልብሳቸው የሥራ ልብስ ነበር፤ እግራቸው ባዶ ነበር። ሳንጠይቃቸው አነሳናቸው። ፎቶግራፉንም ለጓደኞቻችን ላክነው። ጓደኞቻችን «ሲያሳዝኑ!» ብለው መለሱልን። እኛም ቁም ነገር የሠራን መሰለን።

በኋላ ፎቶግራፉን ለራሳቸው አሳየናቸው። ደስ የሚላቸው መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ዝም ብለው አዩት። ቆይተው እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ይህን ማን ማን አይቶታል?» ነገርናቸው። «እኔ ለማኝ ነኝ ወይ? ቤቴን አላያችሁትም፤ ጎተራዬን አላያችሁትም፤ ልጆቼን አልጠየቃችሁም። ከኔ ያያችሁት ቅርጫቴን ብቻ ነው?»

መልስ አጣን። ፎቶግራፉ ውሸት አልነበረም። ኩበቱም እውነት ነው፤ እግራቸውም ባዶ ነበር። ግን ከእውነቱ ጥቂቱን ብቻ ወስደን፣ ሙሉው ያ ነው ብለን ለሰው ላክን። ሰው የሚናገረውን ግማሹን ሰምቶ ለዳኛ እንደሚመሰክር ሰው ሆንን። ይቅርታ ጠየቅን። ይህን ንግግር ያዘጋጀነውም ከዚያ ቀን በኋላ ስላሰብንበት ነው።

ፎቶግራፍ እንዴት ይሠራል?

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው። «በብርሃን መጻፍ» ማለት ነው። ነገሩ አስማት አይደለም። ቤታችሁ ጨልሞ ሳለ በግድግዳው ጠባብ ቀዳዳ ብርሃን ሲገባ አይታችኋል። ቤቱ በጣም ከጨለመና ቀዳዳው በጣም ከጠበበ፣ ውጭ ያለው ዛፍና ሰው በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ተዘቅዝቆ ይታያል። የፎቶግራፍ መሣሪያም እንዲሁ ትንሽ ጨለማ ቤት ናት። ብርሃን በቀዳዳዋ ይገባል፤ ውስጥ ያለው ነገር ምስሉን ይቀበላል፤ ያስቀራል።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። መሣሪያዋ ፊት ለፊቷ ያለውን ብቻ ታያለች። ከጎኗና ከኋላዋ ያለውን አታይም። ወዴት እንደምትዞር የሚወስነው የያዛት ሰው ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ስታዩ «ምን ይታያል?» ብቻ አትበሉ። «ማን አነሳው? ምኑን ተወው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ሰም አለው፣ ወርቅ አለው። ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው። ሰሙ ዓይን የሚያየው ነው፤ ወርቁ የቦታውና የሰዉ ታሪክ ነው። እኛ በዚያች እናት ፎቶግራፍ ላይ ሰሙን ብቻ ይዘን ወርቁን ጣልን።

የሰባራ ድልድይ ታሪክ

አሁን ወደ ድልድዩ እንምጣ። ከሞጣ ወደ ሰሜን፣ ጎጃምና ጎንደር በሚገናኙበት የአባይ ሸለቆ፣ ሰባራ ድልድይ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት፣ መካከሉ ተሰበረ። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? ወዲህና ወዲያ ባለው ስባሪ ላይ ጎበዛዝት ይቆማሉ። ገመድ ይወረውራሉ። ተሻጋሪው በገመዱ ይታሰርና በባዶው ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ከሥሩ አባይ ነው። ለገበያም፣ ለዘመድ ጥየቃም፣ ለሕክምናም የሚሻገር ሰው ነፍሱን የሚሰጠው ለጎታቾቹ ክንድ ነበር። እንዲህ እየሆነ ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ኔቫዳ ዊር የምትባል አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ አባይን ተከትሎ ከሚጓዝ ቡድን ጋር መጣች። ያነሳቻቸው ፎቶግራፎች ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባለው መጽሔት ላይ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወጡ። ከነሱ አንዱ ይህን በገመድ መሻገር የሚያሳይ ነበር። በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ፎቶግራፉን አየው። ጎጃምን አያውቅም፤ አማርኛ አያውቅም። ነገሩ ግን ገባው። ድልድይ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስባሪው በብረት ተያያዘ። ያ ጥገና ለዘለዓለም አልቆየም፤ ጎርፍ ወሰደው። በኋላ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ታዲያ ያ ፎቶግራፍ እንዲህ ያለ ጉልበት ያገኘው ከምን ነው? እኛ እንዲህ ይመስለናል። ያንን ፎቶግራፍ ያነሳችው ሴት አንድ የተጎሳቆለ ሰው ብቻዋን አላሳየችም። ወዲህ ማዶ ያለውን ሰው አሳየች፤ ወዲያ ማዶ ያለውን አሳየች፤ በመካከል ያለውን ባዶ አሳየች፤ ገመዱንና የሚጎትተውን ክንድ አሳየች። የሚያየው ሰው «ምስኪኖች» ብሎ ብቻ አያልፍም። «እነዚህ ሰዎች ጠንካሮች ናቸው፤ የጎደላቸው ይህች መካከል ናት» ይላል። ችግሩም የሰዎቹ ብርታትም አንድ ላይ ተጻፈ።

ደግሞ አንድ ነገር አንርሳ። ፎቶግራፉ አንዲት ድንጋይ አልተሸከመም። ብረቱና ሲሚንቶው ወደዚያ ገደል የወረደው በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ነው። ፎቶግራፍ ያስታውቃል፤ የሚሠራው ክንድ ነው።

ምስል ሲያድንና ሲጎዳ

ሌላ ታሪክ እንጨምር። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ፣ መሐመድ አሚን የሚባል ኬንያዊ ፎቶግራፍ አንሺ በወሎ ኮረም ላይ የተራበውን ሕዝብ በፊልም አነሳ። ፊልሙ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ በብዙ አገሮች ታየ። ዓለም ደነገጠ፤ ገንዘብና እህል አዋጣ። ብዙ ነፍስ ዳነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ያ ምስል ከብዙ ሰው ዓይን አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሙሉ ኢትዮጵያ ሲባል ረሃብ ብቻ የሚታያቸው ሰዎች ነበሩ። የሚያርሰው፣ የሚዘራው፣ የሚድረው፣ የሚያስቀድሰው ኢትዮጵያዊ አልታያቸውም። ለምን? ሌላውን ምስል የላከላቸው ስላልነበረ ነው። የራሱን አገር ታሪክ ራሱ የማይናገር ሰው፣ ሌላው በነገረለት ይታወቃል።

ፎቶግራፍ ለመሬትም ይመሰክራል

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። በመንገዱ ያለውን ተራራና ሜዳ አነሱ። ከ140 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያን ፎቶግራፎች ይዘው በሰሜን ኢትዮጵያ ቦታዎቹን ፈለጉ። ድሮ አንሺው በቆመበት ቆመው እንደገና አነሱ፤ አዲሱንና አሮጌውን አስተያዩ። «ድሮ ሁሉ ደን ነበር፤ አሁን ሁሉ ጠፋ» የሚባለውን ነበር የሚጠብቁት ብዙ ሰዎች። በብዙው ቦታ ግን ዛፉ ከድሮው በርክቶ ተገኘ። ገበሬው የሠራው እርከንም በአዲሶቹ ፎቶግራፎች ላይ ታየ።

እናንተም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ዘንድሮ ቦረቦሩን አንሱት። እርከን ሥሩለት። በሚመጣው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ድንጋይ ላይ ቆማችሁ እንደገና አንሱት። ሥራችሁ ምን እንዳመጣ ሁለቱ ፎቶግራፎች ራሳቸው ይናገራሉ። ሥራው ካልያዘም ይናገራሉ።

ስታነሱ እነዚህን አስታውሱ

ዛሬ በብዙ ልጆቻችሁ ስልክ ላይ ፎቶግራፍ ማንሻ አለ። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

1. አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሰው እንዲነሳ ካልፈቀደ ተዉት። እኛ የተማርነው በጥፋታችን ነው።

2. ብርሃኑን አስተውሉ። ጠዋትና ፀሐይ ዘንበል ስትል የሚነሳ ፎቶግራፍ ጥሩ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ስለምትሆን የሰው ዓይን በጥላ ይሸፈናል። ፀሐይ በሰውየው ጀርባ ከሆነች ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል።

3. ሦስት ጊዜ አንሱ። አውድማ ብታነሱ፣ አንዱን ከሩቅ፤ አውድማውና ከጀርባው ያለው ተራራ ይታይ። ሁለተኛውን ጠጋ ብላችሁ፤ በሬዎቹና መንሹን የያዙት ሰዎች ይታዩ። ሦስተኛውን በጣም ቀርባችሁ፤ እህል የያዘው እጅ ይታይ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የቦታው ታሪክ ይሆናሉ።

4. ሰው ተደርድሮ ሲቆም ብቻ አታንሱ። ሥራውን ሲሠራ፣ ሲጫወት፣ ቡና ሲጠጣ አንሱት። ትንሽ ታገሡ። ሰው መሣሪያዋን ሲረሳት ነው ራሱን የሚመስለው።

5. ጻፉበት። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ለምን ይበልጣል? በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አስቡ። በየቅዱሱ አጠገብ ስሙ ተጽፏል። ሥዕሉን ያሠራው ሰው እንኳ ከግርጌ ተሥሎ ስሙ ይጻፋል። አባቶቻችን ምስል ያለ ጽሕፈት ዱዳ እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ዛሬ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ፎቶግራፍ አይታችሁ «ይህ ማን ነው?» ብትሉ፣ «አያቴ ያውቁት ነበር፤ እሳቸው ሞቱ» ትባላላችሁ። ሰውየው ሁለት ጊዜ ሞተ ማለት ነው።

ስለዚህ ፎቶግራፉን ፎቶ ቤት አሳጥባችሁ በጀርባው አራት ነገር ጻፉ። ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? ምን እያደረገ ነው? እጃችሁን ሳትጫኑ ቀስ ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ጽሕፈቱ በፊቱ በኩል ይበቅላል። ይህን መጻፍ ከዚህ ክፍል የማይችል የለም። ፊደል ያወቃችሁት የሰው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። ስለ ራሳችሁ ሌላው የሚጽፈውን ለማረምም ነው።

የመጀመሪያዋን እናት ነገር እንጨርስ። የድሮውን ፎቶግራፍ ከስልካችን አጠፋን፤ የላክንላቸውም ጓደኞቻችን እንዲያጠፉ ነገርናቸው። አጥፍተናል ያሉን አሉ፤ ያልመለሱልንም አሉ። የወጣ ፎቶግራፍ እንደ ወጣ ቃል ነው፤ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ከዚያ እሳቸው በፈለጉበት ቀን ጠሩን። የት እንደምንቆም ያዘዙን እሳቸው ናቸው። በራሳቸው እጅ ጭቃ አቡክተው በሠሩት ጎተራ አጠገብ ቆሙ። የኩበቱም ቅርጫት ከእግራቸው ሥር ነበር፤ «እሱም ይግባ፤ የማበስለው በሱ ነው» አሉን። ታጥቦ ሲመጣ በጀርባው ስማቸውን፣ ቀኑንና «ጎተራውን የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚለውን ጻፉ። አንዷ ፊደል ተሳስታ ነበር። ራሳቸው አዩዋት፤ ሰርዘው አረሟት።

በሚመጣው ሳምንት እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ኑ። አሮጌም ይሁን አዲስ ግድ የለም። አብረን እናነባቸዋለን። ደኅና እደሩ።

መወያያ ጥያቄዎች

1. ተማሪዎቹ ያጠፉት ጥፋት ምን ነበር? ፎቶግራፉ ውሸት ሳይሆን እንዴት ጥፋት ሆነ?

2. የሰባራ ድልድይ ፎቶግራፍ ምን ምን አሳየ? ጎታቾቹ ባይታዩ ኖሮ ትርጉሙ ይለወጥ ነበር ወይ?

3. በአካባቢያችሁ ለሚመጣው ትውልድ በፎቶግራፍ መቀመጥ ያለበት ምንድን ነው? ለምን?

4. በቤታችሁ ያለ አንድ ፎቶግራፍ ፈልጉ። በጀርባው ማን፣ የት፣ መቼና ምን እያደረገ እንደሆነ ጻፉ።