ከማሽኑ በፊት ስለቱ
(ለእንጨት ሥራ ሙያ ሠልጣኞች በተዘጋጀ የምረቃ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንናገርበት ርእስ ጠባብ ይመስላል። በእጅ በሚሠራ ጊታር ጠርዝ ላይ ክፈፍ የሚገባበትን ቦይ በምን መሣሪያ እንቅረጽ የሚል ነው። ይሁን እንጂ በወርክሾፓችን ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ይህ ጥያቄ ስለ ሆነና ትምህርቱንም በኪሳራ ስላገኘነው፣ ለሌሎች ሳናካፍል ልናልፈው አልወደድንም።

የቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ከጊታር ጋር ምን ያገናኘዋል የሚሉን ወገኖች አሉ። ጥያቄያቸውን እናከብራለን። በገናውን የሚያበጀው እጅ ግን ጊታሩንም ያበጃል፤ መሮው አንድ ነው፣ ትዕግሥቱም አንድ ነው። በገናው ለምስጋና ይሆናል፤ ጊታሩ ደግሞ ለእነዚህ ወጣቶች እንጀራ ነው። በኦሪት ዘፀአት ባስልኤል እንጨት የሚቀርጽበትን ጥበብ ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለ እናነባለን። ጥበብ ከላይ የምትሰጥ ከሆነች፣ በታማኝ የእጅ ሥራ ሁሉ ልናከብራት ይገባናል።

ወደ ነገሩ እንመለስ። የጊታር ሣጥን በሳሱ ሳንቃዎች የሚገጠም ነው፤ ፊቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ጎኖቹም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አላቸው። ፊቱና ጎኑ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የተቆረጠው የእንጨት ጭረት ተጋልጦ ይታያል። እርጥበት የሚገባው፣ ግጭትም ቀድሞ የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ ሠሪው ጠርዙን ዙሪያውን እንደ ደረጃ ይቀርጽና ቀጭን የጠንካራ እንጨት ወይም የፕላስቲክ ክፈፍ ያጣብቅበታል። ክፈፉ ሲያዩት እንደ ነጠላ ጥለት ጌጥ ይመስላል፤ ዋና ሥራው ግን ጥበቃ ነው።

ቦዩ በአብዛኛው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህልም ጥልቀት አለው። ይህ ጥልቀት የጎኑን ውፍረት ሙሉ በሙሉ ሊበላ እንደሚችል አስተውሉ። ከዚያ በኋላ ክፈፉን የሚሸከመው ከውስጥ በጠርዙ ዙሪያ የተጣበቀው የድጋፍ እንጨት ብቻ ነው። ከልክ ያለፈ ቦይ መጋጠሚያውን ያላላል። ይህም ሥራ የሚሠራው ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ የብዙ ሳምንታት ድካም ሁሉ በዚያች ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለ። የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ትንሹ ራውተር ነው። ስለቱ በደቂቃ እስከ 30,000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ከስለቱ ጋር ያለችው ኩሽኔታ የጊታሩን ጎን እየተከተለች ጥልቀቱን ትወስናለች። በእጅ ሰዓታት የሚፈጀውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ነገር ግን የጊታር ጀርባም ሆነ ፊት በብዙ አሠራር ፍጹም ዝርግ አይደለም፤ በጥቂቱ ወደ ላይ የጎበጠ ነው። ማሽኑ በዚያ ጉብታ ላይ ከተቀመጠ ያዘነብላል፤ ቦዩም አብሮት ይጣመማል። ስለዚህ ራውተሩ ከጎኑ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ የሚያደርግ መያዣ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ስፔናውያን ግራሚል የሚሉት የእጅ መሣሪያ ነው። ጠርዙን ተደግፎ የሚሄድ የእንጨት ግንባርና ከእርሱ በተለካ ርቀት የታሰረች ትንሽ ስለት አሉት። አንድ ጊዜ ጎኑን ተደግፎ ፊቱን ያሰምራል፤ ሌላ ጊዜ ፊቱን ተደግፎ ጎኑን ያሰምራል። መስመሩ በአንድ ጉልበት ሳይሆን በብዙ ቀላል ምልልስ ይጠልቃል፤ በመካከል ያለውን እንጨት መሮ ያነሣዋል። ግንባሩ ክብ ሊሆን ይገባል፤ ዝርግ ከሆነ ወደ ውስጥ በጎበጠው የጊታሩ ወገብ ላይ አይገጥምም። የዘመናዊው ጊታር አባት የሚባለው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (እ.ኤ.አ. 1817–1892) የኤሌክትሪክ ማሽን ባልነበረበት ዘመን የሠራቸው ጊታሮች ዛሬም ድረስ ይደመጣሉ።

እኛ የጀመርነው በማሽኑ ነበር። ፈጣን ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ ለጎብኚም ያምራል ብለን ገዛነው። አንድ ሠልጣኝ ሣጥኑን ዘግቶ ጠርዙን ሲቀርጽ፣ ወደ ወገቡ ሲደርስ ስለቱ የእንጨቱን ጭረት ነክሶ ከፊቱ ላይ ጣት የሚያህል ስንጣሪ አነሣ። የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልፈጀም። ወጣቱ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ ሁለት ቀን ከወርክሾፑ ቀረ። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። እጁ የእንጨቱን ጭረት ሳያውቅ፣ ስሕተትን በፍጥነት ወደ ጥፋት የሚለውጥ መሣሪያ ሰጥተነዋል። ጊታሩን ከዚያው እንጨት በተረፈ ቁራጭ ጠገንነው። ዛሬ በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ስፌቱን የሚያውቅ ዓይን ያየዋል።

ከዚያ በኋላ ሥርዐታችንን ለወጥን። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ግራሚሉን ከቁራጭ እንጨትና ከብረት መጋዝ ስባሪ በራሱ እጅ ይሠራል። አንድ ጥሩ መሮና የስለት መሳያ ድንጋይ ይሰጠዋል። በመጀመሪያ በተጣለ ቁራጭ ላይ፣ ቀጥሎም በራሱ ጊታር ላይ ይቀርጻል። ከሰፊው ወደ ጠባቡ፣ ከጭረቱ ጋር መሄድን እጁ ይማራል። ግራሚል ስሕተት አያውቅም ማለታችን አይደለም። ስሕተቱ ግን ዝግ ያለ ነውና ጥፋት ሳይሆን ሊቆም ይችላል።

ማሽኑንም አልጣልነውም፤ ብዙ ጊታር ለሚሠራ ሰው በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። ያን ጊዜም አስቀድሞ በግራሚል መስመሩ ይቆረጣል፤ ጭረቱ ከተቆረጠ ስንጣሪው ከመስመሩ እምብዛም አያልፍም። ቦዩም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ይጠልቃል። የዓይን መከላከያና የአቧራ ጭምብል ሳያደርግ ማሽኑን የሚያስነሣ አይኖርም።

ድጋፍ ለምታደርጉልን ወዳጆቻችንም አንድ ቃል አለን። መሣሪያ ስትለግሱ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም አብራችሁ ጠይቁ። መብራት በጠፋ ቀን ይሠራል ወይ? ስለቱ ሲደንዝ በወረዳ ከተማ የሚስለው ይገኛል ወይ? ወጣቱ ተመርቆ ወደ ቀዬው ሲመለስ መሣሪያው አብሮት ይሄዳል፣ ወይስ በእኛ መጋዘን ይቀራል? የአንድ ራውተር ዋጋ ለብዙ ሠልጣኞች መሮና ድንጋይ ይሆናል።

ተመራቂዎች ሆይ፤ ዛሬ ከምስክር ወረቀታችሁ ጋር በእጃችሁ የሠራችኋትን ግራሚል ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ወረቀቱ ሥራ ሊያስገኝላችሁ ይችላል፤ እርሷ ግን ሥራ በሌለበት ቦታ ሥራ ልትፈጥርላችሁ ትችላለች። ስለቷን አታደንዝዙ፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣውም እንዴት እንደምትሠራ አሳዩት።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።