ድምፃችን በበጀቱ ላይ፦ ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ሱስ ሕክምና

(ከዚህ በታች የቀረበው አንድ ስደተኛ መምህር ናይሮቢ ውስጥ ከካምፕ ለመጡ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ተወካዮች ያደረገው ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ የካምፕ ነዋሪዎች ይጠቅማል ብለን አትመነዋል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዝግጅት ክፍሉ)



ከሁሉ አስቀድሜ የመውጫ ፈቃድ አውጥታችሁ፣ ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተጉዛችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የኬንያ መንግሥት ለአእምሮ ሕመምና ለሱስ ሕክምና በሚመድበው ገንዘብ ላይ ስደተኛው ምን ይላል?» የሚል ነው። ርእሱን የሰማ አንድ ወዳጄ «እኛ የራሽን ካርድ እንጂ የበጀት ሰዎች ነን እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከዚያው እነሳለሁ።

እስከ አሁን በካምፕ የምንታከምባቸው ክሊኒኮች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በእርዳታ ድርጅቶች ነው። ነገር ግን የኬንያ መንግሥት በመጋቢት 2025 «ሺሪካ» የተባለውን ዕቅድ ይፋ አድርጓል። በዕቅዱ መሠረት ካኩማና ዳዳብ ካምፕ መሆናቸው ቀርቶ ስደተኛውና የአገሬው ሰው በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩባቸው፣ በአንድ ክሊኒክ የሚታከሙባቸው ከተሞች እንዲሆኑ፣ አገልግሎቱም ቀስ በቀስ ወደ መንግሥት እጅ እንዲገባ ታስቧል። በዚያው በ2025 የለጋሾች ገንዘብ በመቀነሱ ራሽናችን ምን ያህል እንዳነሰ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። በኬንያ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ አብዛኛው የጤና አገልግሎት የካውንቲ መንግሥታት ሥራ ነው። እንግዲህ የነገው ነርስ ደመወዝ፣ የነገው ክኒን ዋጋ የሚወሰነው ለካኩማ ሎድዋር፣ ለዳዳብ ጋሪሳ ነው። ለወዳጄ የሰጠሁት መልስም ይኸው ነው፤ ፈለግንም አልፈለግንም የበጀት ሰዎች እየሆንን ነው።

አሁን ኪሱን እንይ። የኬንያ ዋና ኦዲተር በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ መንግሥት ለጤና ከሚያወጣው ገንዘብ ውስጥ ለአእምሮ ሕክምና የሚደርሰው 0.01 በመቶ ገደማ መሆኑን ገልጾ ነበር። በትምህርት ቤት ሒሳብ ስናሰላው ከ10,000 ሽልንግ ውስጥ አንዲት ሽልንግ ማለት ነው። እዚሁ ናይሮቢ የሚገኘው የማታሪ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን መቀበል የጀመረው በ1910 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ቤተሰብ ከሩቅ አውራጃ በሽተኛውን ይዞ ወደዚያው ይመጣል። የእኛም አገር ሰው አማኑኤልን የሚያውቀው በዚሁ መልክ ነው። አንዱ ሌላውን ሲሰድብ «አማኑኤል የሚያስገባው» እንደሚል፣ የናይሮቢም ሰው ማታሪን ለስድብ ይጠራዋል። የመታከሚያው ቦታ ስም ስድብ ከሆነ በሽተኛው ወዴት ይሂድ?

ይሁን እንጂ ሰው ሲናገር ለውጥ እንደሚመጣ የኬንያ ታሪክ ራሱ ያሳያል። በ2019 መጨረሻ በዶክተር ፍራንክ ንጄንጋ የሚመራ ግብረ ኃይል ተቋቁሞ የሕዝቡን አስተያየት ሰበሰበ። በሐምሌ 2020 ባቀረበው ሪፖርትም የአእምሮ ሕመም እንደ ብሔራዊ አስቸኳይ ጉዳይ እንዲታወጅ ጠየቀ። በ2022 የአእምሮ ጤና ሕጉ ተሻሻለ፤ የካውንቲ መንግሥታትም አገልግሎቱን የመስጠትና በበጀታቸው ገንዘብ የመመደብ ኃላፊነት ተጣለባቸው። በጥር 2025 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ራስን ለማጥፋት መሞከርን ወንጀል የሚያደርገው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 226 ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ሲል ፈረደ። ሕጉ ወጥቷል ማለት ነው። የቀረው ገንዘቡ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ሕግ ዝናብ እንደሌለው ደመና ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ግምት፣ ጦርነትና ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለበት። በየብሎካችሁ ያሉትን ቤቶች አስቡና ቁጠሩ። እኔ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ በሒሳብ ማንም የማይቀድመው ልጅ ነበር። መጀመሪያ ከኋላ መቀመጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ማርፈድ፤ ከዚያ እስከ ጭራሹ ቀረ። ቤቱ ስንሄድ ቀን ተኝቶ ሌሊት ብቻውን ሲያወራ የሚያድር ሆኗል። ጎረቤቱ «ጫት ነው ያሳበደው» ይላል፤ እናቱ «መንገድ ላይ ያየው ነው» ትላለች። ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ሥራ የሌለው ሰው ቀኑ አልገፋ ሲለው ይቅማል፤ እንቅልፉ ይሸሻል፤ ማታ ለምርቃና መስበሪያ ጨብሲ ይፈልጋል፤ ቻንጋውም ርካሽ ነው። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ የቆየ ቁስሉን ይቆሰቁሳል። ስለዚህ ሱሱንና ሕመሙን ለያይቶ ማከም ከባድ ነው። ጠበሉን፣ ጸሎቱን፣ ዱዓውን ማንም አይከለክልም፤ እሱም ይቅጠል፤ ክኒኑም አይቋረጥ።

ታዲያ ስደተኛ በሰው አገር በጀት ላይ የመናገር መብት አለው ወይ? ለዚህ የኬንያን ሕገ መንግሥት ቃል በቃል ማንበብ ይጠቅማል። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት የመምረጥና የመመረጥን ነገር ሲደነግግ «ማንኛውም ዜጋ» ይላል። እዚያ ላይ እኛ የለንም። ስለ ጤና የሚናገረው አንቀጽ 43 ግን የሚለው «ማንኛውም ሰው» ነው። ለፓርላማ አቤቱታ ስለማቅረብ የሚናገረው አንቀጽ 119ም «ማንኛውም ሰው» ይላል። የ2012ቱ የካውንቲ መንግሥታት ሕግም ለካውንቲ ምክር ቤት አቤቱታ የማቅረብን መብት የሰጠው እንዲሁ ለሰው ነው። አንቀጽ 221 ደግሞ የፓርላማው ኮሚቴ በጀቱን ሲመረምር የሕዝቡን አስተያየት እንዲጠይቅ ያዛል። ዜጋ ባንሆንም ሰው ነን። ሱቅ ገብተን ሳሙና ስንገዛም የተጨማሪ እሴት ታክስ እንደማንኛውም ሰው እንከፍላለን።

አንዳንዶቻችሁ «ስደተኛ ፖለቲካ ውስጥ ገባ እንባላለን» ብላችሁ ትሠጋላችሁ። ሥጋቱ ይገባኛል። እኔ የምለው ግን ሰልፍ እንውጣ፣ ማንንም እንውቀስ አይደለም፤ ሕጉ ባሳየው በር ወረቀት ይዘን እንግባ ነው። ብቻችንንም አንግባ። የቱርካናውም የጋሪሳውም ሰው የሚታመም ልጅ አለው፤ እሱም ሩቅ ይጓዛል። የአገሬው ሽማግሌዎች አብረውን ቢፈርሙ ጥያቄው የአካባቢው ሁሉ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።

ምን እንጠይቅ? እኔ አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በካውንቲው የጤና በጀት ውስጥ የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና በስሙ የተጻፈ የራሱ መደብ ይኑረው። በጅምላ «ጤና» ውስጥ የገባ ገንዘብ የት እንደደረሰ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ አይቋረጥ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ያገረሻል፤ ቤተሰቡም «ድሮም አይጠቅምም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ሦስተኛ፣ የክሊኒኩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን ለይተው እንዲያክሙ ይሠልጥኑ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2008 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን የሥልጠና መርሐ ግብር አለው። ልዩ ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚያውቅ፣ ምስጢር የሚጠብቅ አስተርጓሚም ይቀጠር። እናት ሕመሟን በልጇ አፍ አትናገርም።

አራተኛ፣ ለሱሰኛው ፖሊስ ሳይሆን ሕክምና ይቅረብለት። ከሱስ ሲወጣ የሚያርፍበት፣ ከዚያም በኋላ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ከሌለ ወደዚያው ጎጆ፣ ወደዚያው ጓደኛ ተመልሶ ይጀምራል።

ጊዜውስ መቼ ነው? የኬንያ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ካውንቲው የገንዘብ አቅጣጫውን እስከ የካቲት 28፣ ዝርዝር በጀቱን እስከ ሚያዝያ 30 ለምክር ቤቱ ማቅረብ አለበት። በሰኔ የሚጮህ ሰው ድግሱ ካለቀ በኋላ የደረሰ እንግዳ ነው። ስለዚህ በጥር ወር በየብሎኩ እንሰብሰብ፤ ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የሚችሉ ተማሪዎቻችን ይጻፉት፤ ቅጂውም በእጃችን ይቅር። የማንም በሽተኛ ስም በወረቀቱ ላይ አይግባ። «በእኛ ብሎክ ክትትል የሚፈልጉ ይህን ያህል ሰዎች አሉ» ማለት ይበቃል። በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ቅጂ ይዘን «ከጠየቅነው ምን ተፈጸመ?» ብለን እንመለስ።

የጠየቅነው ሁሉ ይሰጠናል ብዬ አላታልላችሁም። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ጠያቂው ብዙ ነው። ውኃ የሚጠይቅ አለ፤ መንገድ የሚጠይቅ አለ፤ እነሱም አፍ አላቸው። የታመመው ልጅ ግን ስብሰባ መጥቶ እጁን አያወጣም፤ እናቱም አፍራ ትደብቀዋለች። ስለ እሱ የሚናገር ከመካከላችን ካልተገኘ ያቺ አንዲት ሽልንግም ትቀራለች። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እኛ የምንጠይቀው ሹመት አይደለም፤ ነርስና ክኒን ነው።

ወደ የብሎካችሁ ስትመለሱ ይህን ለጎረቤት እንድታሰሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።