ስለ ኮባ ተክላችን በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ባለፈው እሑድ በሰፈራችን ለቅሶ ስለነበረ ብዙዎቻችሁ በስብሰባው አልተገኛችሁም። ስለዚህ በቃል የተናገርነውን እዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ እባካችሁ አንብቡላቸው።

እንደምታስታውሱት የዛሬ ሦስት ዓመት ከየቤቱ ባዋጣነው ገንዘብ ከመንገዳችን ግራና ቀኝ አርባ የኮባ ችግኝ ተክለን ነበር። ግማሹ አረንጓዴው ነው፣ ግማሹ ደግሞ ቅጠሉ ቀላ የሚለው። ባሕር ዳራችን ሙቀትም እርጥበትም ያላት በመሆኗ ተክሉ ቶሎ ነው ያማረው። ሙሽሮች እንኳ ፎቶግራፍ የሚነሡት እዚያ ሥር ሆነ። ዛሬ ግን ከአርባው አሥራ አንዱ ጠፍቷል። ምክንያቱን ሸፋፍነን አናልፍም፤ ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴዎቹ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእንቁጣጣሽ የድፎ ዳቦ መጋገሪያ ቅጠል የጠየቀ ሁሉ እንዳይቀርበት ብለን፣ የማኅበሩን አንዷን ቢላዋ ይዘን ከተክል ተክል እየዞርን ቆረጥን። ከዚያም ቢላዋዋን ለየግቢው አዋስናት። ጥቅምት ሲጋመስ የመሐሉ ለጋ ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይጠወልግ ጀመር። እኛ ውሃ ጠምቶት ነው አልን። አጠጣነው፣ አጠጣነው፤ ምን ዋጋ አለው! በኋላ የግብርና ባለሙያ ጠርተን ግንዱን ቢቆርጠው እንደ መግል ያለ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ወጣ።

ይህ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ይባላል። እኛ ኮባ የምንለውና በደቡብ ያሉ ወገኖቻችን ቆጮና ቡላ የሚያገኙበት እንሰት አንድ ተክል ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ምንነቱን በጽሑፍ አሳውቀዋል። በ1974 ደግሞ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጽፈዋል። ስለዚህ የሚበላውን ሙዝ በግቢያችሁ ያላችሁም «የእኛ ሙዝ ነው፣ ኮባ አይደለም» ብላችሁ አትዘናጉ። ሰውን ግን አይዝም፤ ዳቦውን የበላችሁ አትፍሩ።

መድኃኒት የለውም። የታመመውን ከነሥሩ፣ ከነኮረቱ ነቅሎ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ብቻ ነው። ቅጠሉን ለከብት መስጠት ክልክል ነው፤ ከብቱ ከታመመው በልቶ ጤነኛውን ሲግጥ በሽታውን ያሻግራል። ቢላዋም ሆነ ዶማ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት እሳት ላይ በደንብ ይጋል፣ ወይም አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይነከር። ውሃ ብቻ አይበቃም።

አንዲት እናታችን ግቢያቸው ያለው ኮባ አይነቀልም ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ ቅጠል ገበያ ወስደው ሸጠው ነው ለልጅ ልጃቸው ደብተር የሚገዙት። ሦስቱ ታመዋል፣ አራቱ ጤነኞች ናቸው። ሦስቱ ከቆዩ አራቱም አይተርፉም። ኮሚቴው ተነጋግሮ፣ እስኪተካላቸው ድረስ ከመንገዱ ጤነኛ ተክሎች የሚቆረጠውን ቅጠል እርሳቸው ብቻ እንዲወስዱ ወስኗል። ቅር የሚለው አባል ካለ ለእኛ ይንገረን፣ እርሳቸውን ግን አይናገር።

አሁን ስለ መተካቱ። ኮባ እንደ ሙዝ በራሱ ከጎኑ ልጅ አያወጣም፤ አንዴ አብቦ ዘር ሰጥቶ ይሞታል። በደቡብ የሚሠሩበት ዘዴ አለ፦ የጤነኛውን ግንድ ከመሬት ጠጋ አድርገው ይቆርጣሉ፣ የኮረቱን እምብርት ይፍቁና አፈርና ፍግ ሞልተው ይቀብሩታል። ከጥቂት ወራት በኋላ አርባም ሃምሳም ቡቃያ ይወጣል። አንድ ተክል ሠውተን ሰፈሩን ሁሉ ማልበስ እንችላለን ማለት ነው። በሽታ የወጣበት ጉድጓድ ላይ ግን ቶሎ መልሰን አንተክልም፤ እዚያ አበባ እንዘራለን።

ስንተክል ጉድጓዱ ሰፋ ይበል፣ ፍግ ይግባበት፣ በተክሎቹ መካከል ሦስት ሜትር ያህል ይኑር። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ኮረቱን ያበሰብሰዋል፤ በክረምት ቦዩን እንጥረግ፣ በበጋ ደግሞ እናጠጣ። ነፋስ ቅጠሉን ስለሚተለትለው ግንብ ወይም ዛፍ የሚከልለው ቦታ ይሻላል። ቀዩ ጥላ ውስጥ ከሆነ ቅላቱ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ይፈልጋል። ቅጠል ሲቆረጥ ከውጭ ያለው አሮጌው ብቻ ነው፤ የመሐሉ አይነካም።

«ለቅጠል ብላችሁ ይህን ሁሉ ወሬ» ያለን ሰው ነበር። ባለሙያው እንደ ነገረን ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ተክል ሥዕል አውጥቷል። በ1853 ደግሞ በምፅዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የዕፅዋት ቦታ ላከ። አሁን በአውሮፓ ለጌጥ ይተከላል፣ ብርዱ እንዳይገድለውም በክረምት ቤት ውስጥ ያስገቡታል። እኛ ያለ ምንም ድካም ደጃችን ላይ ይበቅልልናል።

የመንቀሉ ሥራ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። በረኪናውን ማኅበሩ ገዝቷል። ያቺን ቢላዋ የተዋሳችሁ ግቢዎች በሙሉ ከዚያ በፊት ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ፤ ለቅጣት አይደለም፣ ተክላችሁን መጥተን ለማየት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ