ቁልቁለቱ የሚጀመረው ከዋዜማው ነው

(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ምሽት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ "ስለ ጤና የሆነ ነገር ተናገሪ" ሲሉኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር እንደማወራ ጠብቀው ነበር መሰለኝ። እዚህ ካለነው ግማሾቻችን መድኃኒቱን ጀምረናል፤ ግማሾቻችን ደግሞ ያልጀመርነው ለመለካት ፈርተን ነው። ስለዚህ እሱን ልተወው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብስክሌት ነው፤ በተለይም ስለ ዕረፍት ቀንና ቁልቁለትን በፍጥነት ስለ መውረድ። ሁለቱ ምን ያገናኛቸዋል የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አጥንቴ ተሰብሮ ነው የተማርኩት።

ብስክሌት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ "መንገድ ለሰው" ተብሎ የአዲስ አበባ መንገዶች ለመኪና የተዘጉ ዕለት ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ለልጄ በተከራየሁት ብስክሌት ላይ እኔ ወጣሁበት፤ ከዚያ ወዲህ አልወረድኩም ማለት ይቻላል። በዓመቱ አንድ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ገዛሁ። የሸጡልኝ ሰው ድሮ ተወዳዳሪ የነበሩ፣ አሁን ብስክሌት እየጠገኑ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "ዶክተርዬ" ይሉኛል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከሯጮቻችን ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች እንደነበሩ የሰማሁት ከሳቸው ነው። እኔ ኦሎምፒክ ሲባል ሩጫ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ከአዲስ አበባ ለሚወጣ ብስክሌተኛ ሦስት ቅርብ ከተሞች አሉ፤ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ። በጅማ መንገድ ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ነው፤ ብዙ ዳገት የለውም፣ እግር ማፍታቻ ነው። በአምቦ መንገድ ከአስኮ ወደ ቡራዩና ወደ ገፈርሳ ግድብ የሚወስደው ቀስ እያለ ይወጣል፤ መካከለኛ እንበለው። በጎጃም መንገድ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ፣ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚሄደው ግን ሌላ ነገር ነው። ሲሄዱም ሲመለሱም ዳገትም ቁልቁለትም አለው፤ ሲኖትራኩ፣ ኢሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ጭነት የጫነው አህያ ሁሉም አብሮ ይወርዳል።

ከፍታው ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ሱሉልታ አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያሳጥረን ይኸው መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው መውረዱ ላይ ያለውን ነው። ቁልቁል የሚሄድን ብስክሌተኛ በዋናነት የሚይዘው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ፍሬን ሳይያዝ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ቁልቁለት እኛ ጋ ሲሆን በግምት ወደ 70 ይጠጋል። በ60 እንኳን አንድ ሰከንድ ማለት ወደ 17 ሜትር ነው። ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ፍሬን የያዘ ሰው የአንድ ኢሱዙ ርዝመት ያህል ያለ ፍሬን ሄዷል ማለት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህን ስሌት የሠራሁት ከወደቅሁ በኋላ ነው።

አንድ ዓርብ ማታ ተረኛ ነበርኩ። ሌሊቱ ከባድ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጋደም ብዬ ሁለቱንም ጊዜ ተጠርቻለሁ። ጠዋት ተራዬን አስረክቤ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ እንኳን ሳላስብ፣ ልብሴን ቀይሬ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። ዳገቱን በደንብ ወጣሁት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እግሬ አልደከመም ነበር። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከፊቴ ያለው ኢሱዙ ፍጥነት ቀነሰ። የኋላ መብራቱ ሲበራ አይቻለሁ፤ ማየቴን ዛሬም አስታውሳለሁ። እጄ ግን ዘገየ። ደንግጬ ሙሉ በሙሉ ስይዘው የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፤ ራሴን ያገኘሁት ቦይ ውስጥ ነው። ሄልሜቴ ተሰንጥቋል፤ ጭንቅላቴ ደህና ነው፤ ክላቪክል የምንለው የአንገቴ ስር አጥንት ተሰብሯል።

አጥንቱ ገጠመ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ዳገቱን እወጣለሁ፤ መውረድ ሲጀመር እጄ ፍሬኑን ይዞ አይለቅም፣ ትከሻዬ ይገተራል፣ ዓይኔ ከፊት ጎማዬ አይርቅም። አንድ ቀን እንዲያውም ወርጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ወረድኩ። አንዲት ሣር የተሸከሙ እናት "ተበላሸብሽ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "አዎ እማማ" አልኳቸው። ምን ልበላቸው?

ጓደኞቼ በቅንነት "አይዞሽ፣ ደፈር በይ" ይሉኝ ነበር። ጋሼ ግን የት እንደወደቅሁ እንኳን አልጠየቁኝም። "ለመሆኑ ሌሊቱን እንዴት አደርሽ?" ነበር ያሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰንሰለቱን ማጽዳት ቀጠሉ። ቆይተው "እኛ እኮ ከውድድር በፊት መጀመሪያ የሚሰጠን ትእዛዝ 'ተኛ' የሚል ነበር" አሉ።

ቤት ሄጄ አንድ ደብተር ከፈትኩ። በየቀኑ አራት ነገር እጽፍ ነበር፤ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ከአልጋ ሳልነሳ የልብ ምቴ ስንት ነው፣ ትናንት የት ጋለብኩ፣ ቁልቁለት ከወረድኩ ደግሞ ፍርሃቴ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነበር። ሕመምተኛን "ሕመምህ ከአሥር ስንት ነው?" እንደምንለው ማለት ነው። በአንድ ሰው ላይ የተያዘ መዝገብ ጥናት እንደማይባል የስታትስቲክስ መምህራችን እዚህ ስላሉ ቀድሜ ልናገር። ግን ከአምስት ወር በኋላ ደብተሩን ሳገላብጠው ያየሁት ግልጽ ነበር። ፍርሃቴ ከመንገዱ ጋር አይሄድም። ያው ኩርባ አንድ ቅዳሜ ስምንት፣ ሌላ ቅዳሜ ሦስት ነው። የሚሄደው ከዋዜማው ጋር ነው። ተኝቼ፣ የጠዋት ምቴ እንደወትሮው ሆኖ፣ የፊተኛውን ቀን አርፌ ወይም ሰበታ ድረስ ቀስ ብዬ ደርሼ ከተመለስኩ እጄ ይላላል። ተረኛ ካደርኩ፣ ወይም ሦስት ቀን በተከታታይ ከጋለብኩ፣ እጄ ይጨብጣል።

ለካ ያ ፍርሃት ወኔ ማጣት ብቻ አልነበረም። ሰውነቴ "ዛሬ በጊዜ አልደርስልሽም" እያለኝ ነበር። የሚያስፈራው ያልፈራሁበት ቀን ነው፤ በደከመ ጭንቅላት ያለ ፍርሃት የወረድኩበት ያ ቅዳሜ።

ዘዴው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ጋሼ ባዶ መንገድ ላይ ደጋግመው አስተምረውኛል፤ ፍሬን ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ውስጥ አይያዝም፤ ሁለቱም ፍሬን አብረው ይሠራሉ፤ የውጭ በኩል እግር ወደ ታች ይረገጣል፤ ክርን አይገተርም፤ ዓይን መድረስ ወደሚፈለግበት ነው እንጂ ወደ ጉድጓዱ አይደለም፤ ጉድጓዱን ትኩር ብሎ ያየ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ ግን የሚሠራው ያረፈ ጭንቅላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ አጭር ጥናት ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አሳይቷል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 ይጠጋል። እኔ ያን ቅዳሜ ከሱሉልታ የወረድኩት ሰክሬ ነው ማለት ነው፤ አንድ ብርጭቆ ሳልቀምስ።

ጡንቻም ቢሆን የሚጠነክረው ስንጋልብ ሳይሆን ከጋለብን በኋላ ነው። ልምምዱ ይጎዳዋል፣ ዕረፍቱ ይገነባዋል። የተሟጠጠው የጡንቻ ስንቅ በደንብ በልተንም ቢሆን ለመሙላት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲለማመዱ የምናያቸው ሯጮቻችን ይህን ያውቁታል፤ ከከባድ ቀናቸው ማግስት እነሱን የሚያክሉ ሰዎች ሶምሶማ ነው የሚሮጡት። ማይጨው የተወለደው ጽጋቡ ገብረማርያም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ያ ውድድር በ23 ቀን ውስጥ 21 የውድድር ቀንና 2 የዕረፍት ቀን ነበረው። በዓለም ከባዱ ውድድር እንኳን ዕረፍትን በፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቶ ያትማል። ዕረፍቱ የውድድሩ አካል ነው፤ ማንም በዚያ ቀን አይታፈርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ፤ መምህራኖቻችን ያላችሁበት ስለሆነ።

ደብተሩን እየጻፍኩ ባለሁበት ሰሞን አንድ ጠዋት ራውንድ ላይ ነን። አንድ ኢንተርን የጻፈውን የመድኃኒት ትእዛዝ ነርሷ ይዛ መጣች። ነጥቧ ቦታዋን ስታለች፤ ለሕፃኑ የታዘዘው መጠን አሥር እጥፍ ነው። ነርሷ ባታየው ኖሮ የሚሆነውን አልነግራችሁም። ልጁ ቀይ ሆኖ ቆሟል። ልቆጣው አፌን ከፈትኩና በመሐል የጋሼ ጥያቄ መጣብኝ። "ለመሆኑ መቼ ነው የተኛኸው?" አልኩት። አሰበ። ቆጠረ። "ከትናንት ወዲያ ሌሊት ነው መሰለኝ ዶክተር" አለኝ።

ከሳምንት በፊት ይኸው ልጅ ከዲዩቲ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? እናንተም ብላችሁታል። "እኛም እንደዚሁ ነው ያለፍነው።"

እውነት ነው፤ እንደዚያው ነው ያለፍነው። እኔ ግን ያለፍኩት የተሻልኩ ስለሆንኩ አይደለም። አንዳንድ ነርሶች ሳይናገሩ ስላረሙልኝ ነው ያለፍኩት። የወደቅነውን አንቆጥርም እንጂ።

አሁን በኔ ክፍል ከዲዩቲ የወጣ ኢንተርን ሦስት ሰዓት ላይ አስረክቦ ይሄዳል። ክፍተቱን የምንሸፍነው እኛ ነባሮቹ ነን። ዋጋ የለውም አልላችሁም፤ እኔ በወር ሁለት ቅዳሜዬን ሰጥቻለሁ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬም እስካሁን አኩርፎኛል። ልጆቹንም "አራሙቻ አደረግሻቸው" የሚለኝ አለ። ጥያቄዬ አንድ ነው። እናንተ ከሱሉልታ ቁልቁል ስትወርዱ ከኋላችሁ የሚመጣው የሲኖትራክ ሹፌር 30 ሰዓት ሳይተኛ የነዳ ቢሆን ጎበዝ ትሉታላችሁ? ሕመምተኛው እኮ ከፊታችን የሚወርደው ብስክሌተኛ ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በየክፍላችሁ የዲዩቲ ሰሌዳ ስታወጡ ማግስቱንም ጻፉበት። "ዕረፍት" የምትል ቃል በሰሌዳው ላይ ትታተም፤ ተማሪው በልመና የሚያገኛት አትሁን። የባች ጓደኞቼ ደግሞ "እኛም እንደዚሁ ነው ያለፍነው" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከዛሬ ጀምሮ አብረን እናሳርፋት።

እኔ አሁንም ከሱሉልታ እወርዳለሁ። ከቡድናችን ፈጣኗ አይደለሁም፤ እጄ ግን ተላልቷል። ተረኛ ያደርኩ ዕለት አልሄድም፤ እግሬ ካማረረኝ እስከ ገፈርሳ ብቻ ሄጄ ውኃውን አይቼ እመለሳለሁ። ይህን ለመቀበል አንድ አጥንትና አንድ ደብተር ፈጅቶብኛል፤ እናንተ በነጻ ወስዳችሁታል።

በመጨረሻ አንድ ማስታወቂያ። ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ብስክሌት ያላችሁ አብረን እንጋልባለን። ዛሬ ማታ እንደምናመሽ ከወዲሁ ስለሚታየኝ ሱሉልታ ቀርቷል። ሰበታ ነው የምንሄደው፤ ቀስ ብለን።